ምሰሶው ላይ ሜንሶላ ስናስር፦ የእኛ ሥራና የእኛ ያልሆነው ሥራ

(በማኅበራችን የእሑድ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

እህቶቼ፣ ማዳም ከቤት መውጣት ከልክላችሁ ዛሬ ያልመጣችሁም ይህን ስታነቡ እዚሁ ከእኛ ጋር እንደተቀመጣችሁ ቁጠሩት።

ዛሬ የምናገረው ስለ ብረት ምሰሶና ስለ ሜንሶላ ነው። ሜንሶላ የምለው መደርደሪያ፣ የልብስ ገመድ ወይም የመጋረጃ ዘንግ የሚሸከመውን ክንድ የሚመስል ደጋፊ ብረት ነው። «ይኼ ደግሞ ምን ርዕስ ነው?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ግን እስቲ ቤይሩት ውስጥ ተከራይተን የምንኖርባቸውን ክፍሎች አስቡ። አራት አምስት ሆነን አንድ ክፍል ነው የምንይዘው። ቁም ሣጥን የለም። ግድግዳውን እንዳንበሳ ባለቤቱ ይቆጣል፤ ብንበሳውም ብሎኬቱ ውስጡ ባዶ ስለሆነ ሚስማሩ ይዞት ይወድቃል። ጣሪያ ላይ ባሉት ክፍሎችና በተዘጉት ባልኮኖች ግን ብዙ ጊዜ አንድ የብረት ምሰሶ አለ። እሱን ካወቅንበት ሳንበሳው፣ ሳንበይደው ዕቃችንን ይሸከምልናል።

እኔ መሐንዲስ አይደለሁም። አስረኛ ክፍል ድረስ ነው የተማርኩት። አጎቴ ኮምቦልቻ የብየዳ ቤት ስለነበረው ክረምት ክረምት ትምህርት ሲዘጋ ብረት እየያዝኩ አግዘው ነበር። የማውቀው ከዚያ ነው፤ እዚህም በእጄ ሠርቼዋለሁ። ከሁሉ በፊት ግን ሁለት ነገር እንድትይዙልኝ እፈልጋለሁ። አንደኛ፣ ሜንሶላውን የሚይዘው የብሎኑ ብዛት ሳይሆን የተስተካከለ ጭምቅታ ነው። ሁለተኛ፣ ከባልኮኑ መከላከያ ወዲህ ያለው የእኛ ሥራ ሊሆን ይችላል፤ ከመከላከያው ወዲያ ያለው ግን መቼም የእኛ ሥራ አይደለም።

መጀመሪያ ምሰሶውን እወቂው

ምንም ከመግዛትሽ በፊት ምሰሶውን አራት ጥያቄ ጠይቂው።

አንድ፣ ምሰሶ ነው ወይስ ቧንቧ? ውኃ ወይም ጋዝ የሚያልፍበት ቧንቧ ላይ ምንም አይታሰርም። መገጣጠሚያው ከተነቃነቀ ውኃው ያፈሳል፤ ጋዝ ከሆነ ደግሞ ሕይወት ያጠፋል። ከላይ እስከ ታች ተከተይው። ቫልቭ ወይም ቆጣሪ ካለው ተይው። ምን እንደሆነ ካልለየሽም ተይው።

ሁለት፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ ተጠምጥሞበታል ወይ? የቤይሩትን ነገር ታውቁታላችሁ፤ የጄኔሬተሩ ሽቦ ከፎቅ ፎቅ እየዘለለ ባገኘው ብረት ላይ ይታሰራል። ሽቦ የነካውን ምሰሶ አትንኪ፣ ሽቦውንም አንቺ አታንሺው። ከዚህ በፊት ነክተሽው እጅሽን ነዝሮሽ ከሆነ ነገሩ አልቋል፤ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሳያየው ማንም እንዳይቀርበው። የቴስተር ካቻቢቴ መብራቱ ከበራ አደጋ አለ ማለት ነው። አለመብራቱ ግን ደህና ነው ማለት አይደለም።

ሦስት፣ ዝጓል ወይ? ቤይሩት የባሕር ዳር ከተማ ናት፤ ጨዋማው አየር ብረት ይበላል። በተለይ ውኃ የሚተኛበትን የምሰሶውን እግር እዪ። በካቻቢቴ ጫፍ ጫን ስትይው የሚፈረፈር ወይም የሚገባ ከሆነ ውስጡ አልቋል። ላዩ ብቻ የዛገ ከሆነ ግን ተፈግፍጎ ይጸዳል።

አራት፣ ምን ተሸክሟል? ጣሪያውን የያዘ ምሰሶ ከሆነ ቀላል ዕቃ ማሰር ይቻላል፤ መብሳት ግን አይቻልም። ቀዳዳ ያዳክመዋል፤ በቀዳዳው የገባ ውኃም ሳይታይ ከውስጥ ያዝገዋል።

በክር መለካት

ሱቅ ሄዶ «ለምሰሶ የሚሆን ስጠኝ» ማለት አያዋጣም፤ ልኩን ማወቅ አለብሽ። ክር ውሰጂና ምሰሶውን አንድ ዙር ዙሪበት፣ የተገናኘበትን በእስክሪብቶ ምልክት አድርጊ፣ ከዚያ ክሩን ዘርግተሽ በሜትር ለኪው። ያገኘሽውን ቁጥር ለ3.14 ስታካፍይው የምሰሶው ውፍረት ይወጣል። አስረኛ ክፍል ድረስ መማሬ እዚህ ላይ ጠቀመኝ!

ብዙ ጊዜ የምናገኛቸው ክብ ብረቶች ሦስት ዓይነት ናቸው። ዙሪያው 10.6 ሳንቲ ከሆነ ባለ 1 ኢንች ቧንቧ ነው፤ ውፍረቱ 33.7 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ዙሪያው 15.2 ሳንቲ ከሆነ ባለ 1 ኢንች ተኩል ነው፤ ውፍረቱ 48.3 ሚሊ ሜትር። ዙሪያው 18.9 ሳንቲ ከሆነ ባለ 2 ኢንች ነው፤ ውፍረቱ 60.3 ሚሊ ሜትር። ቀለም ከተደራረበበት ትንሽ ይጨምራል። አራት ማዕዘን ከሆነ፣ ማለትም ቱቦላሬ ከሆነ፣ ሁለቱን ጎኖች ለኪና ጻፊ።

ክሩን አትጣይው፣ ይዘሽው ሂጂ። የምሰሶውንም ፎቶ አንሺ። የዕቃውን ስም በዓረብኛ ባታውቂ እንኳ ክሩንና ፎቶውን ስታሳይው ባለ ሱቁ ይገባዋል።

የሚገዛው ዕቃ

ለአንድ ሜንሶላ የሚያስፈልገው ይኼ ነው። ጀርባው ጠፍጣፋና ላይና ታች ቀዳዳ ያለው ሜንሶላ አንድ። እንደ ፈረስ ጫማ የታጠፈ፣ ሁለቱም ጫፉ ጥርስ ያለው የዩ ብሎን ሁለት። ለእያንዳንዱ ዩ ብሎን አራት ዳዶና ሁለት ሮንዴላ። የሜንሶላው ቀዳዳ ከዩ ብሎኑ እግሮች ጋር ካልገጠመ ሱቁ ውስጥ ሁለት ቀዳዳ ያላቸው ጠፍጣፋ ብረቶችም አሉ፤ ሜንሶላውን በምሰሶውና በብረቱ መሃል አስገብቶ መጨመቅ ይቻላል። በዚህ መልክ ከታሰረ ግን የሜንሶላው ጀርባ እንዳይንሸራተት ፈተናውን ጠበቅ አድርጊ።

ዚንክ የተነከረውን ወይም የማይዝገውን ብረት ምረጪ። ርካሹ ጥቁር ብረት ከአንድ ክረምት በኋላ ዝጎ ዳዶውም አልፈታ ይልሻል።

ከዚህ ሌላ ከአሮጌ የመኪና ወይም የብስክሌት ካለማዳሪ የተቆረጠ ስስ ጎማ፣ የብርጭቆ ወረቀትና ቁልፍ ያስፈልጋል። 6 ሚሊ ሜትር ብሎን በ10 ቁልፍ ይጠብቃል፣ 8 ሚሊ ሜትር በ13፣ 10 ሚሊ ሜትር ደግሞ በ17። ለቤት መደርደሪያ ባለ 8 ሚሊው ይበቃል።

ፋሸታስ? የምትሉ ትኖራላችሁ። የፕላስቲክ ፋሸታ ለሽቦና ለመጋረጃ ጫፍ ይሁን፤ ፀሐይ ሲመታው ይደርቅና ድንገት ይበጠሳል። ሰው በሚተኛበት ራስጌ ክብደት በፕላስቲክ ፋሸታ አይሰቀልም።

አስተሳሰሩ

መጀመሪያ ምሰሶውን አጽጂው። የተላጠውን ቀለምና ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጊ፣ በሳሙና ጨርቅ ጥረጊ፣ በደንብ ይድረቅ። ዘይት ወይም የወጥ ቤት ቅባት ካለበት ጭምቅታው አይዝም፤ ይንሸራተታል። ብረቱ ራቁቱን ከቀረ ፀረ ዝገት ቀለም ቀቢውና ሲደርቅ ቀጥይ።

ሁለተኛ፣ ጎማውን ዩ ብሎኖቹ በሚያርፉበት ቦታ አንድ ዙር ብቻ ጠቅልይ። ጎማው ብረቱን ቆንጥጦ ይይዛል፣ ቀለሙንም አይልጥም። ወፍራም ይሻላል ብለሽ ሦስት አራት ዙር አታድርጊው። ወፍራም ጎማ ውሎ አድሮ ይጨመቅና ዳዶው ይላላል።

ሦስተኛ፣ ሜንሶላውን ጓደኛሽ ትያዝልሽ። ሁለቱን ዩ ብሎኖች አስገቢና ዳዶዎቹን በጣት ብቻ አጥብቂ። ቀጥ ማለቱን አረጋግጪ። ግማሽ ውኃ የያዘ የፕላስቲክ ጠርሙስ አጋድመሽ ብታስቀምጪበት ውኃው ያዘነበለውን ይነግርሻል።

አራተኛ፣ አሁን በቁልፍ አጥብቂ፤ ግን አንዱን ጨርሰሽ ወደ ሌላው አትሂጂ። የቀኙን ሁለት ዙር፣ የግራውን ሁለት ዙር፣ የላዩን፣ የታቹን፣ እያፈራረቅሽ። የመኪና ጎማ ሲታሰር አይታችሁ እንደሆነ እንደዚያው ነው። አንዱ ጎን ብቻ ከጠበቀ ዩ ብሎኑ ይጣመምና ጭምቅታው ግማሽ ይሆናል። ጎማው ትንሽ ወጣ ወጣ ሲል ይበቃል። ስስ ብረት ከሆነ ከመጠን በላይ ማጥበቅ ራሱን ምሰሶውን ያጎደጉደዋል።

አምስተኛ፣ በእያንዳንዱ እግር ላይ ሁለተኛውን ዳዶ ደርቢ። የመጀመሪያውን በአንድ ቁልፍ ይዘሽ ሁለተኛውን በሌላ ቁልፍ ስታጠብቂ ሁለቱ ይቆላለፋሉ፤ በንቅናቄ አይፈቱም።

አራት ማዕዘን ምሰሶ ከሆነ ክቡ ዩ ብሎን አይሆንም፤ ማዕዘኑን ብቻ ነክቶ ይቀራል። ቀጥ ብሎ የታጠፈውን አራት ማዕዘን ዩ ብሎን ጠይቂ፤ ከሌለ ደግሞ ከፊትና ከኋላ ሁለት ጠፍጣፋ ብረት አድርገሽ በምሰሶው ግራና ቀኝ በሚያልፉ ረጃጅም ብሎኖች ጨምቂው።

ለምን ሁለት? ለምን ተራርቀው?

ብዙዎች አንድ ማሰሪያ ብቻ ያደርጉና «ዞረብኝ፣ ወረደብኝ» ይላሉ። መደርደሪያ ላይ ዕቃ ስታስቀምጪ ክብደቱ ወደ ታች ብቻ አይደለም የሚስበው። የሜንሶላውን ራስ ከምሰሶው ወደ ውጭ ይነቅላል፤ እግሩን ደግሞ ወደ ምሰሶው ይገፋል።

ሒሳቡን ላሳያችሁ። 10 ኪሎ ዕቃ ከምሰሶው 30 ሳንቲ ርቆ ተቀመጠ እንበል። ሁለቱ ዩ ብሎኖች በ20 ሳንቲ ከተራራቁ የላይኛው 15 ኪሎ ያህል ይነቀላል። በ10 ሳንቲ ብቻ ከተራራቁ ግን 30 ኪሎ ይሆናል። ዕቃው ያው፣ ሜንሶላው ያው፣ ጭነቱ እጥፍ! ስለዚህ ማሰሪያዎቹን አራርቁ፤ ከባዱን ዕቃ ወደ ምሰሶው አስጠጉ፤ ቀላሉን ወደ ጫፍ።

የልብስ ገመድም እንዲሁ ነው። ገመድ ሲወጠር ያምራል፣ ግን እጅግ ይስባል። 3 ሜትር ገመድ መሃሉ ላይ 10 ኪሎ እርጥብ ልብስ ተሰቅሎበት 15 ሳንቲ ብቻ ከረገበ፣ በእያንዳንዱ ጫፍ 50 ኪሎ ያህል ይስባል። 30 ሳንቲ እንዲረግብ ከተለቀቀ ግን ወደ 25 ኪሎ ይወርዳል። ገመዳችሁ ትንሽ ቢረግብ አትፈሩ፤ ሜንሶላችሁን እያሳረፈው ነው። እርጥብ ብርድ ልብስ ግን ለብቻው በሌላ ቦታ ይሰጣ።

ሳትፈትኚ አትመኚው

ታስሮ ሲያልቅ ዕቃሽን ወዲያው አትጫኝ። የጥፍር ቀለምሽን አምጪና ከሜንሶላው ጀምሮ እስከ ምሰሶው የሚሻገር መስመር አድርጊ፤ ከዳዶው ወደ ብረቱም እንዲሁ። ከዚያ ልታስቀምጪበት ካሰብሽው እጥፍ ክብደት ስቀይበት። ሚዛን አያስፈልግም፤ 1 ሊትር ውኃ 1 ኪሎ ነው። ባለ 2 ሊትር ስድስት ጠርሙስ 12 ኪሎ ይሆናል። ይህን የቻለ መደርደሪያ 6 ኪሎ ትጭኝበታለሽ ማለት ነው። ሌሊቱን ይደር፤ በዚያ ሌሊት ግን ከሥሩ ማንም አይተኛ። ጠዋት መስመሩ ከተሰበረ ተንሸራቷል፤ ፈተሽ እንደገና አጽድተሽ እሰሪው። ካልተሰበረ ሥራሽ ይዟል።

ጎማው እየተጨመቀ ስለሚሄድ በማግስቱ አንዴ፣ ከሳምንት በኋላ አንዴ በቁልፍ ነካ አድርጊው። ከዚያ በየዓመቱ ዝናቡ ከመግባቱ በፊት ዝገቱን እዪ። ሕፃን ያላችሁ እህቶች፣ ከሕፃኑ መኝታ በላይ ምንም ሜንሶላ አይኑር፤ የቱንም ያህል ቢጠነክር።

ስለ ትራፓኖ

አንዳንዴ «በስተሽ እሰሪ» የሚል ሰው ይመጣል። በዩ ብሎን ከተቻለ መብሳት አያስፈልግም። የግድ ከሆነና ብረቱ ምንም ያልተሸከመ ከሆነ ለብረት የተሠራ ፑንታ፣ ቀስ ያለ ዙር፣ ጠብታ ዘይትና የዓይን መነጽር ያስፈልጋል። የሚሽከረከር ትራፓኖ ስትይዢ የጨርቅ ጓንት አታድርጊ፤ ፑንታው ጓንቱን ይዞ ጣትሽን ይጠመልላል። ሻሽሽንና ፀጉርሽን ሰብስቢ። ባዶ እግርና እርጥብ ወለል ላይ ሆኖ ትራፓኖ መያዝ ፈጽሞ አይሆንም።

ከመከላከያው ወዲያ

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣሁ። እስካሁን ያልኩት ስለ ራሳችን ክፍል ነው። በምንሠራበት ቤትስ? ማዳም «የመጋረጃውን ብረት ባልኮኑ ላይ እሰሪልኝ»፣ «የዲሹን ብረት አጥብቂልኝ»፣ «የልብስ መስጫው ወደ ውጭ ያለው ጫፍ ላላ» ትላለች። እኔም አንድ ቤት ስሠራ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ወንበር ተሰጥቶኝ እንዲህ ተብያለሁ። አልወጣሁም። ኩርፊያው ሦስት ቀን ቆየ፤ በአራተኛው ቀን ባለሙያ መጥቶ በመሰላልና በቀበቶ ሠራው።

ወንበሩን በቁጥር እዩት። የባልኮን መከላከያ ቁመቱ 1 ሜትር ገደማ ነው። ወንበር ደግሞ 45 ሳንቲ። ወንበር ላይ ስትወጪ ከመከላከያው የሚቀርልሽ 55 ሳንቲ፣ ከጉልበትሽ ትንሽ ከፍ ያለ ብቻ ነው። ጉልበት ላይ የሚያበቃ መከላከያ ሰው አይመልስም፤ ጭራሽ አሰናክሎ ይጥላል። ቁልፍ ስትጎትቺ ድንገት ካመለጠሽ ሰውነትሽ በጎተትሽበት አቅጣጫ ይሄዳል። ስለዚህ ባልኮን ላይ ከወለሉ ቆመሽ የማትደርሺበት ነገር ሁሉ የአንቺ ሥራ አይደለም።

«እምቢ ብል ትቆጣለች» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው። ግን እምቢ የምንልበት መንገድ አለ። በእርጋታ «ማዳም፣ ሃይዳ ኸጠር፣ ማ ፊኒ» በሏት፤ ይህ አደጋ ነው፣ አልችልም ማለት ነው። ቀጥላችሁ «ላዚም ዪጂ ምዓለም» በሉ፤ ባለሙያ መምጣት አለበት። ከመከላከያው ወዲህ ያለውን ሥራ ግን «ይኼን እኔ እሠራለሁ» ብላችሁ አሳዩ። ሥራ መሸሻችሁ ሳይሆን ሞትን መሸሻችሁ እንዲገባት።

ይህን የምለው ሕጉ ስለማይከልለን ጭምር ነው። የሊባኖስ የሥራ ሕግ የወጣው በፈረንጆች በ1946 ነው፤ 7ኛው አንቀጽ የቤት ሠራተኞችን ከሕጉ ውጭ ያደርገናል። ሌላው ሠራተኛ በዚያ ሕግ የሚያገኘውን ጥበቃ እኛ በእሱ አናገኝም። በ2009 የወጣው ወጥ የሥራ ውል አሠሪዋ ኢንሹራንስ እንድትገባልን ያስገድዳል። የውላችሁንና የኢንሹራንሱን ወረቀት ፎቶ አንስታችሁ ለምታምኗት እህት ላኩ፤ ስልካችሁ ቢወሰድም ወረቀቱ አይጠፋም።

በሌላ አገር ደግሞ ይህ ነገር በውል ተጽፏል። ሆንግ ኮንግ ውስጥ ከጥር 1 ቀን 2017 ጀምሮ በሚፈረም የቤት ሠራተኛ ውል ላይ ስለ መስኮት ተጽፏል፦ ከመሬት ቤት በላይ ያለ መስኮት በውጭ በኩል የሚጸዳው ፍርግርጉ እንዳይከፈት ሆኖ ከተዘጋ ብቻ ነው፤ ከእጅ በቀርም የሠራተኛዋ አካል ከመስኮቱ ደፍ ማለፍ የለበትም። ይህ የመጣው እንደኛ ያሉ የቤት ሠራተኞች እየወደቁ ስለሞቱና የቀሩት ተሰብስበው ስለጮኹ ነው። እዚህ እስኪጻፍልን ድረስ ያንን ደንብ እኛው ለራሳችን እናውጣ፦ ከእጅ በቀር ከመከላከያው የሚያልፍ የለም።

አደጋ ከደረሰ የሊባኖስ ቀይ መስቀል ስልክ 140 ነው፤ የሲቪል መከላከያ 125። የወደቀን ሰው አታንሱት፣ ውኃም አታጠጡት፤ ሳታነቃንቁ አልብሱትና ደውሉ። አድራሻውን በዓረብኛ መናገር እንድትችሉ የሕንጻችሁንና የሠፈራችሁን ስም ዛሬውኑ አጥኑት።

አንድ ሳጥን ይኑረን

በመጨረሻ አንድ ሐሳብ አለኝ። እያንዳንዳችን 10፣ 13 እና 17 ቁልፍ፣ ሜትር፣ መነጽርና ቴስተር ብንገዛ ገንዘብ ማባከን ነው፤ በዓመት ሁለቴ ነው የምንፈልገው። ማኅበሩ አንድ የመሣሪያ ሳጥን ይኑረው። ቁልፎቹ፣ ሁለት ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ሜትር፣ መነጽር፣ ጎማና ጥቂት ትርፍ ዳዶ ይግቡበት። የወሰደች ስሟን ትጻፍ፣ በቀጣዩ እሑድ ትመልስ። ብቻዋን ለምትኖር ደግሞ ሁለት ሆነን እንሂድላት፤ ሜንሶላ የሚይዝ ሁለተኛ እጅ ይፈልጋልና።

ሐሳቡን ከተቀበላችሁት ለሚመጣው እሑድ አንድ የቤት ሥራ እሰጣችኋለሁ። ምሰሶ ያላችሁ ሁሉ ክር ዙሩበትና ክሩን ይዛችሁ ኑ፤ ፎቶውንም አትርሱ። እዚሁ አብረን እንለካለን፣ የሚገዛውንም በአንድ ላይ እንጽፋለን። ብዙ ስንሆን ባለ ሱቁም ዋጋ ይቀንስልናል።

እሑድ በሰላም ያገናኘን።